ስለ ቤት ሙቀትና ስለ ሠራተኛ አመራረጥ

በዚህ ዓምድ ስለ ጓዳና ስለ ማጀት፥ ስለ ልጆች አስተዳደግና ስለ ቤት ወጪ በየጊዜው ስንነጋገር ቆይተናል። ዛሬ ግን ቀና ብለን ጣራውን፥ ዞር ብለን ግድግዳውን እንመልከት። ብርድ በበረታ ጊዜ «ቤቴን የሚያሞቅልኝ ሠራተኛ ከወዴት አገኛለሁ? እንዴትስ አድርጌ ልዋዋለው?» ማለት በደጋው አገር የሚኖር የቤተ ሰብ አባት ሁሉ ጥያቄ ነው። ጥያቄው ቀላል ይመስላል፤ ነገር ግን የሰው ሕይወት ሊያልፍበት ሲል ስላየን እንደ ቀላል አንቈጥረውም።

ከደብረ ማርቆስ ተነሥቶ ወደ ደንበጫ የተጓዘ ሰው አማኑኤልን ያውቃታል። የማቻከል ወረዳ ከተማ ናት። ከሕዳር ሚካኤል እስከ ጥምቀት ባለው ጊዜ በዚያ አገር ሰማዩ ጠርቶ ያድራል፤ ሰማዩ በጠራ መጠን ሌሊቱ ይከብዳል። ቁመቱ ከ4,000 ሜትር በላይ የሆነው የጮቄ ተራራ ሩቅ አይደለምና፥ ሌሊት ቀዝቃዛው አየር ቁልቁለቱን ይዞ ይወርዳል። ጧት ሲነጋ ውርጩ በሣሩ ላይ እንደ ተነጠፈ ነጠላ ሆኖ ይታያል። በቀትር ደግሞ በዚያው ቤት ውስጥ የተቀመጠ ሰው ቆርቆሮው እንደ ምጣድ ግሎ ጋቢውን ሲያስወልቀው ይውላል። አንድ ቤት በአንድ ቀን ውስጥ ማሞቂያም ማቀዝቀዣም ይሻል ማለት ነው።

የአባቶቻችን የሣር ክዳን ቤት ለዚህ ጠባይ የተመቸ ነበር። በወፍራሙ ሣር መካከል የማይንቀሳቀስ አየር ተይዞ ይቀመጣል፤ ጋቢና ደበሎ ሰውን የሚያሞቁትም በዚሁ ምክንያት ነው። ሙቀቱ ከውስጥ ቶሎ አይወጣም፥ የቀኑም ፀሓይ ከውጭ ቶሎ አይገባም። ጢሱ ደግሞ በሣሩ መካከል ቀስ እያለ እየሾለከ ይወጣል። ዓይን ያስለቅሳል፥ ወራጁንና ማገሩን ያጠቍራል፥ ሳንባንም ይጐዳል፤ መውጫ ግን ፈጽሞ አያጣም። ይህን ነገር አንባቢ በልቡ ይያዝልን፤ ኋላ እንመለስበታለን።

ቆርቆሮ በዳግማዊ ዐፄ ምኒልክ ዘመን በአዲስ አበባ ታይቶ ኋላ ወደ ክፍለ ሀገሩ ሁሉ ተዳረሰ። ከእሳት ፍርሃት፥ ከክረምት ፍሳሽ፥ በየጊዜው ሣር ከመለወጥ አሳርፎናልና እንኳን መጣ እንላለን። ነገር ግን ቆርቆሮ ቀጭን ብረት ነው እንጂ ልብስ አይደለም። ፀሓይ ሲመታው ወዲያው ይግላል፤ ሌሊት ደግሞ ሙቀቱን ወደ ጠራው ሰማይ እየለቀቀ ከውጭው አየር እንኳ ይልቅ ይቀዘቅዛል። የተኙት ሰዎች የተነፈሱት እንፋሎት ከቀዘቀዘው ብረት ላይ ውሃ ሆኖ ይጠራቀምና ጎሕ ሲቀድ በአልጋው ላይ ይንጠባጠባል። «ቆርቆሮው አላበው» የምንለው ይህ ነው። ብዙ ሰው ጣራው ያፈሰሰ መስሎት በበጋ ሠራተኛ ሲጠራ እናያለን። ሠራተኛውም ወጥቶ ጥቂት ሚስማር ይመታል፥ የእጁን ዋጋ ይቀበላል፥ ይሄዳል። በማግሥቱ ያው ይንጠባጠባል።

እንግዲህ ያየነውን እንንገራችሁ። በአማኑኤል የሚኖሩ አንድ ዕድሜያቸው የገፋ ዘመድ አሉን። የሣር ቤታቸውን አፍርሰው በቆርቆሮ ካሠሩ በኋላ የመጀመሪያውን በጋ ሲንቀጠቀጡ አሳለፉት። በሁለተኛው ዓመት ሴት ልጃቸው የመጀመሪያ ልጇን ልትወልድ ወደ እናቷ ቤት መጣች። አባትም ለአራሷ አስበው አንድ አናጢ ጠሩና «ነፋስ የሚባል ነገር እንዳይገባ አድርገህ ዝጋልኝ» ብለው አዘዙት። ሠራተኛው በእውነት እጁ የተባረከ ነበር። በግድግዳው ራስና በጣራው መካከል የነበረውን ክፍተት በጭቃ ደፈነው፤ የተሰነጠቀውን ግድግዳ ጭድ ባለው ጭቃ መረገው፤ ኮርኒሱን በችፑድ ሠርቶ ገጥሞቹን በጣውላ ሸፈነ፤ የበሩንም ዙሪያ በጨርቅ ጠቀጠቀው። እኛ ራሳችን ሥራውን አይተን አመሰገንነው።

ለአራስ ጥየቃ የሄድነው ጥምቀት ካለፈ በኋላ፥ ከምሽቱ አንድ ሰዓት ላይ ነው። ከአልጋው ግርጌ በከሰል ምድጃ ፍም ተቀምጧል፤ በሩ ተዘግቷል፤ መጋረጃውም ወርዷል። ቤቱ የሚያስደስት ሙቀት ነበረው። ዘመዳችንም «አያችሁ፥ ዘንድሮ ብርድ ድል ሆነ!» እያሉ ይጫወቱ ነበር። ገንፎው ቀረበ፥ ቡናው ተፈላ። አንድ ሰዓት ያህል እንደ ቈየን ራሳችንን ጭምድድ አድርጎ ያዘን። የቤቱ እመቤት «ምች ነው የመታን፤ ዳማ ከሴ አምጡ» አሉ። አራሷ ማቅለሽለሽ ጀመራት። ሕፃኑም ጡት አልይዝ ብሎ በከባድ እንቅልፍ ላይ ነበረ፤ እኛ ግን ጠግቦ የተኛ መሰለን።

በዚህ መካከል አንዲት ጎረቤት ከውጭ ገቡ። ጥቂት ዝም ብለው ፊታችንን ሲመለከቱ ቈዩና «እናንተ ሰዎች! ምች ሁላችሁንም ባንድ ጊዜ ነው የመታችሁ?» አሉ። ከዚያ በኋላ ማንንም አልጠየቁም። መጋረጃውን ገልጠው በሩን ከፈቱ፥ መስኮቱንም በረገዱ፥ ምድጃውን አንሥተው ወደ ግቢ አወጡት። «አራሷን ከነሕፃኑ አውጧት» ባሉ ጊዜ ግን ሙግት ተነሣ። ክርስትና ያልተነሣ ሕፃን በሌሊት ብርድ እንዴት ይወጣል? አራስስ እንዴት ከደጅ ትቆማለች? ጎረቤቲቱም «ከብርዱስ በጋቢ እንከልለዋለን» ብለው ሕፃኑን ሸፍነው ይዘውት ወጡ። በዚያው ሌሊት ወደ ጤና ጣቢያ ተወሰዱ። እናትም ልጅም ተረፉ። እኛም ራስ ምታቱ እስከ ማግሥቱ ቀትር ድረስ አልለቀቀንም።

በማግሥቱ አናጢው ተጠርቶ መጣ። ዘመዳችን በቁጣ «ልጄን ልታስፈጅብኝ ነበር!» አሉት። ሠራተኛው ባርኔጣውን አውልቆ፥ አንገቱን ደፍቶ «አባባ፥ እርስዎ ነፋስ እንዳይገባ ዝጋልኝ አሉኝ፤ እኔም ዘጋሁ። ከሰል ሊያነዱበት እንደ ሆነ አልነገሩኝም» አለ። ዘመዳችን መልስ አጡ። እኛም ብዙ ጊዜ አሰብንበትና ሁለቱም እውነት አላቸው፥ ሁለቱም ጥፋት አለባቸው እንላለን። አሠሪው በቤቱ ውስጥ ምን እንደሚነድ ሳይናገር አዘዘ፤ ሠራተኛውም ሳይጠይቅ ሠራ። በሣር ቤት ውስጥ አያቶቻችን ያነደዱት ፍም መውጫ ነበረው። አዲሱን ቤት ስንዘጋ የድሮውን ልማድ ከነምድጃው ይዘን ገባን።

ከሰል ሲነድ አየር በቂ ካልሆነለት ካርቦን ሞኖክሳይድ የተባለ ጋዝ ይወጣዋል። ይህ ጋዝ መልክም ሽታም የለውም። ወደ ሳንባ በገባ ጊዜ ከደማችን ጋር የሚጣበቀው ከኦክስጅን ከ200 ጊዜ በሚበልጥ ኃይል ነው፤ ስለዚህ ሰውየው አየር እየተነፈሰ ሳለ ሰውነቱ በውስጥ ይታፈናል። ምልክቱ ራስ ምታት፥ መፍዘዝ፥ ማቅለሽለሽ፥ የጕልበት መክዳትና እንቅልፍ ነው። በእንቅልፍ የተያዘ ሰው ተነሥቶ በር አይከፍትም፤ አደጋው የሚከፋው በዚህ ነው። ነፍሰ ጡርና ሕፃን ከሌላው ይልቅ ይጐዳሉ። በአንድ ቤት ያሉ ሰዎች ባንድ ጊዜ ቢታመሙ ምድጃውን መጠርጠር፥ በር ከፍቶ ሁሉንም ወደ ውጭ ማውጣት፥ ወደ ሐኪም መሮጥ ይገባል። ወተት ወይም ሎሚ እናጠጣው እያሉ መቈየት ጊዜን ማጥፋት ነው፤ የሚያሻው ንጹሕ አየርና ከሐኪም ቤት የሚሰጥ ኦክስጅን ነው።

ብዙ ሰዎች «ከሰሉ ጢሱ ካለቀና ፍም ከሆነ ጉዳት የለውም» ይላሉ። ይህ ትልቅ ስሕተት ነው። ፍሙ ጢስ ባይኖረውም ጋዙን ይሰጣል። ላቀች የሚባለው የከሰል ምድጃም ቢሆን ከሰል በመቈጠቡ የሚመሰገን ነው እንጂ በተዘጋ ቤት ውስጥ ከዚህ ጋዝ አያድንም። በየማጀቱ የሚነደው የእንጨትና የኩበት ጢስ ደግሞ ቀስ ብሎ የሚገድል ነው፤ የዓለም የጤና ድርጅት በ2020 እ.ኤ.አ. ከቤት ውስጥ ጢስ የተነሣ በዓለም ሁሉ 3.2 ሚሊዮን ያህል ሰው እንደ ሞተ ገምቷል።

እንግዲያስ ቤቱ በምን ይሙቅ? ከእሳቱ በፊት ጣራው ይታሰብ። ከቆርቆሮው በታች ኮርኒስ ከተሠራ በመካከል የሚቀረው አየር የሣሩን ሥራ በከፊል ይሠራል። ችፑድ ባይገኝ በደንብ የተወጠረ አቡጀዲም ከባዶ ቆርቆሮ ይሻላል። ከኮርኒሱ በላይ ያለው ቦታ በጣራው ሁለት ጫፍ ትንንሽ መተንፈሻ ይሻል፤ በቀን የተጠራቀመው ግለት በዚያ ይወጣል፥ ላቡም ይደርቃል። አይጥና ወፍ እንዳይገቡበት የወንፊት ሽቦ ይመታበታል። ወፍራም የጭቃ ግድግዳ የቀኑን ፀሓይ ጠጥቶ ማታ መልሶ ይሰጣልና በስስ ግድግዳ አትለውጡት። መስኮቱ ፀሓይ ሳለች ይከፈት፥ ስትጠልቅ ይዘጋ። ለአራስ አልጋ የሞቀ ውሃ በጠርሙስ አድርጎ፥ አፉን አጥብቆ፥ በወፍራም ጨርቅ ጠቅልሎ ከእግር በኩል ማስቀመጥ ከከሰል ይሻላል፤ የሕፃኑን ገላ ግን አይንካ።

አቅም ያለው ሰው ጢስ ማውጫ ያለው የግድግዳ ምድጃ ቢያሠራ መልካም ነው። ነገር ግን ይህ የማንኛውም ግንበኛ ሥራ አይደለም። ጢስ ማውጫው ከጣራው አናት ከፍ ካላለ ነፋስ ጢሱን ወደ ቤት ይመልሰዋል፤ ከወራጁ ጋር ተጠግቶ ከተሠራም እንጨቱን ቀስ በቀስ አድርቆ አንድ ሌሊት እሳት ያስነሣል። ስለዚህ ግንበኛውን «ከዚህ በፊት የት ሠርተሃል?» ብላችሁ፥ እዚያ ሄዳችሁ ሲነድ ተመልከቱ።

ወደ ሠራተኛው እንመለስ። ጥሩ ሠራተኛ የሚታወቀው በመልሱ ሳይሆን በጥያቄው ነው ብለን እናምናለን። ገና ከበር ሳይገባ ዋጋ የሚጠራውን አሰናብቱት። ነፋሱ ከየት በኩል እንደሚመጣ፥ እሳቱ የት እንደሚነድ፥ በየትኛው ክፍል ስንት ሰው እንደሚተኛ፥ ጧት ጧት ውሃ ይንጠባጠብ እንደ ሆነ የሚጠይቀውን ያዙት። ቀድሞ የሠራውን ቤት ለማየት በሄዳችሁም ጊዜ ከባልየው ይልቅ ሚስቲቱን ጠይቁ። ባልየው ስንት እንዳወጣ ይነግራችኋል፤ ጢሱ ወዴት እንደሚሄድ፥ ብርዱ በየት እንደሚገባ የምታውቀው ግን እርሷ ናት።

ዕቃ ሊገዛ በተነሣ ጊዜም ገንዘቡን ለሠራተኛው ሰጥታችሁ አትቅሩ፤ አብራችሁት ወደ ሱቅ ውረዱ። የቆርቆሮ ውፍረት በጌጅ ይቈጠራል፤ ብዙ ሰው የማያውቀው ግን ቁጥሩ ከፍ ባለ መጠን ቆርቆሮው እየሳሳ መሄዱን ነው። 28 ጌጅ ከ32 ጌጅ ይወፍራል። «ትልቁን ቁጥር አመጣሁልዎ» ተብለው ስስ ቆርቆሮ ተሸክመው የተመለሱ ሰዎች እናውቃለን። ሚስማሩም ጎማ ያለበት ይሁን፤ የሚመታውም በቆርቆሮው እጥፋት ጕብታ ላይ እንጂ ውሃ በሚወርድበት ሸለቆ ላይ አይደለም።

ውሉ በወረቀት ይጻፍ፤ ሁለት ምስክር ይፈርምበት። «በዘመድ ፊት ውል ያሳፍራል» የሚሉ አሉ፤ እኛ ግን ያለ ውል ተጀምሮ በዳኛ ፊት ያለቀ ዝምድና ብዙ አይተናል። የሚሠራው ሥራ፥ የዕቃው ዓይነት፥ የእጅ ዋጋውና የሚያልቅበት ቀን በግልጽ ይግባበት። ይልቁንም በዚያ ቤት ምን እንደሚነድና መተንፈሻው በየት እንደሚሆን ይጻፍ፤ የዘመዳችን ውል ይህ ቃል ጐድሎት ነበርና። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ስለዚህ ጉዳይ ብዙ ይረዳናል። ሌላ ስምምነት ከሌለ በቀር ቀብድ የሰጠ ሰው ውሉን ቢተው ቀብዱን ያጣል፤ የተቀበለው ቢተው ግን እጥፉን ይመልሳል። ቤት ለመሥራት የተዋዋለ ተቋራጭም ሥራውን ካስረከበበት ቀን ጀምሮ እስከ 10 ዓመት ድረስ ለሥራው ደኅንነትና ጽናት ዋስ እንደ ሆነ በቁጥር 3039 ተጽፏል፤ ይህን ዘመን የሚያሳጥር ቃል በውል ቢገባ እንኳ አይጸናም። ብዙ አሠሪም ብዙ ሠራተኛም ይህን አያውቅም። ክፍያውን ደግሞ ከፋፍላችሁ፥ የመጨረሻውን ድርሻ ጣራው ዝናብ እስኪቀምስ አቈዩት፤ ይህም አስቀድሞ በውሉ ይግባ። በጥር የተከደነ ቤት የሚመረመረው በሰኔ ነው። ለሠራተኛው ምሳና ቡና ግን በዚህ ሰበብ አይቈረጥበት።

በባሕር ዳርና በአዲስ አበባ የሚኖሩ አንባቢዎቻችን «እኛ የምንቀጥረው አናጢ ሳይሆን የማቀዝቀዣና የማሞቂያ መኪና የሚተክል ባለሙያ ነው» ይሉን ይሆናል። ለእነርሱም ምክራችን ያው ነው። መኪናው በ1902 እ.ኤ.አ. በኒው ዮርክ ዊሊስ ካሪየር በተባለ መሐንዲስ ሲታሰብ የመጀመሪያ ሥራው የሰው ቤት ማቀዝቀዝ አልነበረም፤ የአንድ ማተሚያ ቤት ወረቀት በአየሩ እርጥበት እንዳይበላሽ ነበር። ካሪየርም አስቀድሞ የመረመረው የክፍሉን አየር ነው። ዛሬም ደኅና ባለሙያ የክፍሉን ስፋት ይለካል፥ ፀሓይ በየት እንደሚመታው ያያል፥ ኮርኒስ መኖሩን ይጠይቃል፥ የቤቱ የመብራት ሽቦ ጭነቱን ይችል እንደ ሆነ ይመረምራል። 2,000 ዋት የሚበላ ማሞቂያ በቀጭን ማራዘሚያ ገመድ ላይ ሰክቶ መተኛትም ከከሰሉ የማይተናነስ አደጋ ነው።

በውጭ አገር የሚኖሩ ዘመዶች ያሏችሁም አንድ ነገር ልብ በሉ። በሰሜን አሜሪካ ብዙ ቤቶች በመኝታ ክፍል አጠገብ ካርቦን ሞኖክሳይድ ሲጠራቀም የሚጮኽ ትንሽ መሣሪያ ይሰቀላል፤ በባትሪ የሚሠራም አለ። ዘመዶቻችን ለበዓል ሲመጡ ሽቱና ጫማ ይዘው ይመጣሉ፤ ደግ ነው፥ እንቀበላለን። አንድ ጊዜ ግን ይህን መሣሪያ አምጡልን ብንላቸው በሻንጣቸው ውስጥ የአንድ ጫማ ቦታ እንኳ አይፈጅባቸውም።

የዘመዳችንን ቤት ነገር ሳንጨርስ አንተውም። አናጢው ተመልሶ መጣና ያለ ተጨማሪ ዋጋ በኮርኒሱ አጠገብና በበሩ ግርጌ መተንፈሻ ቈረጠ፤ ለማጀቱም ጢስ ማውጫ ሠራ። ከሰሉ አሁን ከማጀት አይወጣም። ዘመዳችን ማታ ማታ ጋቢያቸውን ደርበው፥ ዝተታቸውን በእግራቸው ላይ ጥለው ይቀመጣሉ። ባለፈው ስንጠይቃቸው የልጅ ልጃቸው በጭናቸው ላይ ሆኖ ጢማቸውን ይጐትት ነበር፤ እርሳቸውም ወደ በሩ ግርጌ በጣታቸው እያሳዩ «ይኸው፥ በዚያች በኩል ነፋስ ይገባል» ብለው አናጢውን ያሙት ጀመር።